ጦርነት ሲመጣ የሽማግሌን ክኒን ማን ያመጣለታል?

(ቦንጋ ላይ፣ ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚኖሩና ዕድሜያቸው ለገፋ ወገኖች የቀረበ ንግግር)



የዕድሜ ማራዘሚያው መድኃኒት በነፃ መታደል የጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ በአርባ ዓመታቸው የጀመሩ ዛሬ ስልሳን አልፈዋል። ይሄ ትልቅ ድል ነው! ታዲያ ስለ ኤድስ ሲወራ የሚታሰበው ወጣቱ ብቻ ነው። ሽማግሌውና አሮጊቷ ግን «በዚህ ዕድሜ?» እንዳይባሉ አፍረው ዝም ይላሉ። በዚያ ላይ ደም ግፊቱና ስኳሩ ይጨመራል።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተካሄደውን የሰሜኑን ጦርነት እናስታውስ። በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ተዘረፈ፤ መንገድ ተዘጋ፤ መድኃኒት ተቋረጠ። ክኒኑ ሲቋረጥ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ያንሰራራል። ወጣቱስ ሮጦ ያመልጣል፤ ጉልበት የከዳው ወዴት ይሸሻል? ቦንጋ ከግንባር ሩቅ ናት አትበሉኝ። ከዴቻ ገጠር ከተማ ወርዶ ክኒን የሚያመጣላችሁ ልጅ ከዘመተ፣ ጦርነቱ ቤታችሁ ገብቷል ማለት ነው።

መንግሥትስ? በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ እርዳታ ሲገታ፣ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ሥራቸው እንዲቋረጥ ታዘዘ። ለመሆኑ የሕዝብ ሕይወት እስከ መቼ በሰው ኪስ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል?

ይህን እየጠየቅን የራሳችንንም እናድርግ። መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉት ማኅበራት በ1989 እና በ1990 ዓ.ም. ገደማ ሲቋቋሙ በነፃ የሚታደል ክኒን አልነበረም። ወዲያው ደግሞ የባድመ ጦርነት መጣ። በዚያ ዘመን ሕመምተኛውን ያስታመመው፣ የቀበረውም፣ ቫይረሱ በደሙ ያለ ጓደኛው ነበር። ሰው ከክኒኑ ቀድሞ ደርሷል!

እናንተም አራት አምስት ሆናችሁ ተቧደኑ። ዕድርና ደቦ ለምታውቁ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አንዱ የሌላውን የቀጠሮ ቀን ይወቅ። የመድኃኒታችሁን ስምና የካርድ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ብትፈናቀሉ ሌላው ጤና ጣቢያ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ቫይረሱ በደንብ ከተቆጣጠረላችሁ የሦስት ወይም የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ዶሉቴግራቪር እየወሰደ ለስኳር ሜትፎርሚን የታዘዘለት ካለ ለሐኪሙ ይንገር፤ የሜትፎርሚኑ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። ጓደኛችሁ ሁለት ቀን ከቡና ከቀረ ሦስተኛውን ቀን አትጠብቁ፤ በሩን አንኳኩ። የሰማችሁትን ግን ለጎረቤት አታውጡ። ምሥጢር ከወጣ ቡድኑ ያኔውኑ ፈረሰ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። አደባባይ ወጥታችሁ ተናገሩ አላልኩም። ለምታምኗቸው አራት ሰዎች ግን ንገሩ። መንገድ የተዘጋ ዕለት በራችሁን የሚያንኳኩት እነሱ ናቸው።

ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።