ዓይን ላይ የታየች ነጥብ

የዛሬው ወሬያችን የሚጀምረው ከአሽቀሎን ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ነው። እሑድ ጠዋት፣ ወታደሩ ሁሉ ቦርሳውን ተሸክሞ ወደ ጦር ሰፈሩ የሚመለስበት ሰዓት። የአክስቴን ልጅ ልሸኛት ሄጄ፣ የቤር ሼቫን አውቶቡስ እየጠበቅን ፎቶ ተነሣን። ፎቶውን አሳድጋ ስታየው "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለችኝ። በግራ ዓይኗ ነጩ ላይ፣ ከጥቁሩ ክፍል አጠገብ፣ ቡናማ ነጥብ።

ለእናቷ ደወለች። "ተዪው ልጄ፣ የአባትሽም ዓይን እንዲሁ ነው" አሏት።

አክስቴ ልክ ናቸው። ቆዳችን ጥቁር የሆነ ሰዎች የዓይናችን ነጭ ላይ ቡናማ ጥላ መኖሩ የተለመደ ነው። ያው ቆዳችንን የሚያጠቁረው ቀለም ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ዓይን በጥቁሩ ዙሪያ ይታያል፤ ጠፍጣፋ ነው፤ በሽታም አይደለም። ችግሩ ግን እዚሁ ላይ ነው፦ ስለለመድነው፣ አዲስ የመጣውንም "ያው ነው" ብለን እናልፈዋለን።

ስለዚህ አውቶቡሱ እስኪመጣ የድሮ ፎቶ ፈለግን። የጊዩስ ቀን የተነሣችው ጥርት ያለ ፎቶ ተገኘ። ነጥቡ ያኔም አለ፤ ግን ያነሰና የፈዘዘ። ቀኝ ዓይኗ ላይ ደግሞ ምንም የለም። በአንድ ዓይን ብቻ ከሆነ፣ ካደገ፣ መልኩን ከቀየረ፣ አበጥ ካለ ወይም ቀያይ ሥሮች ከከበቡት ለሐኪም ይታያል።

እሷ ወታደር ስለሆነች በሠራዊቱ ሐኪም በኩል ሄደች። እኛ ሲቪሎች ግን በኩፓት ሆሊማችን ለዓይን ሐኪም ቶር እንይዛለን፤ አብዛኛውን ጊዜ የቤተሰብ ሐኪም ሃፍናያ አያስፈልግም። ሐኪሙ አገጯን አስደግፎ በማጉያው አያት፣ ነጥቡን ለካ፣ ፎቶ አነሣ። ኔቩስ ነው አላት፤ ቆዳ ላይ እንደሚወጣው ጥቁር ነጥብ ማለት ነው። በወጣትነት ሊጠቁር ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ካደገ ግን ቆርጠው ይመረምሩታል፤ ካንሰር በእኛ ዓይን ላይ ብርቅ ቢሆንም ጨርሶ የለም ማለት አይደለም።

ቶር የማይጠበቅባቸውም አሉ። ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ወጥቶ ዓይን ካመመ፣ በተለይ ሌንስ የምታደርጉ፣ ሌንሱን አውጥታችሁ በዚያው ቀን ሂዱ። እይታ በድንገት ከቀነሰ ወይም ዓይን ከተመታም እንደዚያው። የትንሽ ልጅ ብሌን በፍላሽ ፎቶ ላይ ነጭ ሆኖ ከታየ፣ ባያመውም እንኳ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪም አሳዩት። በአንጻሩ የማያም ደም የመሰለ ቀይ ነጥብ ያስደነግጣል እንጂ በአንድ ሁለት ሳምንት ይጠፋል፤ ከተመላለሰ የደም ግፊታችሁን ተለኩ።

ወላጆቻችሁንም ተመልከቱ። በፀሐይና በአቧራ ሲያርሱ የኖሩ ሰዎች ዓይን ላይ ሥጋ ይበቅላል፤ ቀስ እያለ ወደ ብሌን ይሄዳል። የፀሐይ መነጽርና ባርኔጣ ይረዳል፤ እይታ ከጋረደ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። አስተርጓሚ እናንተ ብቻ አይደላችሁም፤ በአማርኛ በስልክ የሚያስተረጉም እንዳለ ኩፓው ውስጥ ጠይቁ። ቅጠል መጭመቅ፣ ጎረቤት ከፍሪጅ ያወጣችውን ጠብታ መጨመር ግን ይቅር፤ አንዳንዱ ጠብታ ዓይን ይጎዳል።

የአክስቴ ልጅ ቀጣይ ቶሯ ከስግድ በኋላ ነው። የጣቢያውን ፎቶ ከስልኳ እንዳታጠፋው ነግሬያታለሁ፤ ፊቴ አላማረም ብላ ልትሰርዘው ነበር።