ጣፋጩ የበረዶ ሻይ

ዛሬ ስለ ጣፋጭ የበረዶ ሻይ እናወራለን። ለእረፍት አትላንታ ሄዳችሁ ምግብ ቤት ውስጥ “ሻይ” ብትሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣላችሁ ጣፋጭ የበረዶ ሻይ ነው። ወደ ሰሜን፣ ወደ ኒውዮርክ ስትዘልቁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስኳር የለውም። ስኳሩ ለብቻው ይቀርባል። ታዲያ ብታማስሉት፣ ብታማስሉት፣ ከታች ይዘቅጣል። ለምን? ብርዝ በጥብጣችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ማሩ በቀዝቃዛ ውሃ እሺ አይልም፤ ለብ ባለ ውሃ ግን ቶሎ ይሟሟል። ስኳርም እንደዚያው ነው። እናም ባረፋችሁበት ቤት ሻዩን ጠንከር አድርጋችሁ አፍሉ፤ በረዶው ያቀጥነዋልና። ስኳሩን በትኩሱ ጨምሩ። በረዶው መጨረሻ ላይ ይግባ። እኔማ ሎሚም ጣል አደርግበታለሁ፤ የበረዶ ሻይ ያለ ሎሚ አይሆንልኝም።