ንብን ከክረምት ራብ ስለ መጠበቅ ለመምህራንና ለሽማግሎች የተደረገ ንግግር



ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይላል ያገራችን ተረት። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው ማሩ ከመሰፈሩ በፊት ስለሚሆነው ነገር ነው፤ ይኸውም ንብ በክረምት ወራት ስለሚያስፈልጋት ጥበቃ ነው።

ከመገናኛ አጠገብ ወዳለው ወደ ሾላ ገበያ ወርዶ ማር የሚሸምት ሰው የጠራውንም ማር፥ ከሰፈፉ ጋራ የተደባለቀውንም ማር ያውቃል። በተደባለቀው ውስጥ ጥቁር የእንጀራ ቁራጭና የአበባ ብናኝ ይገኛል፤ አንዳንድ ጊዜም ነጭ ትል የሚመስል ነገር ይታያል። ብዙ ሰው ጠጁ ሲጣል ይጠራል ብሎ ያልፈዋል። ነገር ግን ያ ነጭ ነገር ትል አይደለም፤ እጭ የሚባለው የንብ ልጅ ነው። እንዲህ ያለውን ማር የቆረጠ ሰው የሚመጣውን ማር የሚያመጡለትን ሠራተኞች ገና በመኝታቸው ሳሉ ከማሩ ጋራ አብሮ ሸጣቸው ማለት ነው። ገዢው ጥቂት ቢያጕረመርም ነው፤ ትልቁ ጕዳት የደረሰው ግን በባለ ቀፎው ላይ ነው።

እንግዲህ የንግግራችን ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የመስከረምን ማር የሚሰበስቡት ንቦች የሚወለዱት በክረምት ነው፤ በክረምትም የሚያድጉት እኛ በግንቦትና በሰኔ በተውንላቸው ስንቅ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሁለት ጊዜ የቆረጠ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አስቀድሞ በልቶታል።

1ኛ፤ ስለ ቀፎ ውስጥ ሥርዓት

ንብ ቤቷን በሥርዓት ትከፍላለች። ከቀርከሃ ወይም ከጭራሮ ተሠርቶ በእበት በተለሰነው ባገራችን ቀፎ ውስጥ፥ ልጆቹ ብዙውን ጊዜ በመግቢያው በኩል ይሆናሉ፤ ማሩ ግን ወደ ኋላ ይከማቻል። በልጆቹና በማሩ መካከል የአበባ ብናኝ የተሞላበት እንጀራ ይገኛል፤ ይህ የልጆቹ ማሳደጊያ ነው። በሣጥን ቀፎም ሥርዓቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ልጆቹ ከታች በእጭ ሣጥን፥ ማሩ ከላይ በማር ሣጥን መሆኑ ነው። ላንግስትሮት የተባለ አሜሪካዊ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1852 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት ያገኘበት ይህ ቀፎ ትልቅ ጥቅሙ ፍሬሙ እየወጣ የሚመለስ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ልጆቹን ሳይነኩ ማሩን ብቻ ማንሣት ይቻላል።

አባቶቻችን አውራ የሚሏት ትልቋ ንብ ሴት ናት፤ የሁሉም እናት እርስዋ ናት። አበባና ስንቅ በበዛ ጊዜ በአንድ ቀን ከ1,000 የሚበልጥ እንቍላል ልትጥል ትችላለች። ምግብ ሲያንስ ግን እንቍላሏን ትቀንሳለች፤ ጨርሶ ሲጠፋም ታቆማለች። የባሰ እንደ ሆነ መንጋው በሙሉ ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል፤ ያገራችን ንብ ለዚህ ፈጣን ናት። ባለቤቱም ዐይነ ጥላ ነው፥ የጐረቤት ዐይን ነው ይላል፤ ምክንያቱ ግን ባዶ ጎተራ ነው።

2ኛ፤ የባሕር ማዶ መጽሐፍ ስለሚያሳስተው ነገር

ስለ ንብ የተጻፉ የውጭ አገር መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ጠቃሚም ናቸው። ነገር ግን ብዙዎቹ የተጻፉት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ለሚኖር ሰው ስለ ሆነ፥ ወሩን እንዳለ የተረጐመ ሰው ይሳሳታል። በእነርሱ አገር የሰኔና የሐምሌ ወራት ፀሐይ የሞቀበት፥ አበባ የበዛበት ጊዜ ነው፤ መጽሐፋቸውም በዚያ ጊዜ በቀፎው ላይ የማር ሣጥን ጨምሩ ይላል። ስንቅ የሚተዉት በረዶ ለሚወርድባቸው ወራት ነው።

በእኛ ደጋ ግን ሐምሌ ዝናምና ጉም ነው። ባሕር ዛፉ በየካና በእንጦጦ ቢያብብም፥ ዝናም ከቤት ያላስወጣትን ንብ በደጅ ያለ አበባ አይመግባትም። አበባውም ውስጥ ያለው ቀሰም በዝናም ይታጠባል። ስለዚህ ለእኛ የራብ ወር ሐምሌ ነው፤ የማር ሣጥን የሚጨመርበት ሳይሆን የሚቀነስበት ጊዜ ነው። መምህር ሆይ፤ ሕግጋቱን ከመጽሐፍ ውሰድ፤ ወሩን ግን ከሰፈርህ አበባ ተማር፤ ከሽማግሎችም ጠይቅ።

3ኛ፤ ስለ 42ቱ ቀን

አሁን አንድ ቀላል ሒሳብ እናድርግ፤ ይህን ሒሳብ ተማሪዎቻችሁም ሊሠሩት ይችላሉ። ሠራተኛ ንብ ከእንቍላልነት ጀምራ ከመኝታዋ እስክትወጣ 21 ቀን ያህል ይፈጅባታል፤ ያገራችን ንብ አንድ ቀን ያህል ልታፈጥን ትችላለች። ከወጣች በኋላም ወዲያው ወደ አበባ አትሄድም፤ ሦስት ሳምንት ያህል በቤት ውስጥ ታገለግላለች፤ ልጆችን ትመግባለች፥ ሰም ትሠራለች፥ በር ትጠብቃለች። ወደ ሜዳ የምትወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 42 ቀን ይሆናል።

አደይ አበባ ሜዳውን በሚሸፍንበት በመስቀል ቀን፥ መስከረም 17፥ ለሥራ የደረሰች ንብ መቼ የተጣለች እንቍላል ናት? ከመስከረም 17 ቀን፥ ከጳጕሜን 5 ቀን፥ ከነሐሴ 20 ቀን ስንወስድ 42 ይሞላል፤ እንቍላሏ የተጣለችው ነሐሴ 10 ቀን በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። በፍልሰታ ቀፎው ባዶ ከሆነ አውራዋ እንቍላል አትጥልም፤ በመስቀልም አበባው ሞልቶ ሠራተኛ ይጠፋል። ባለቤቱ ዘንድሮ ንቡ ሰነፈ ይላል። ንቡ አልሰነፈም፤ አልተወለደም እንጂ።

4ኛ፤ ከክረምት በፊት ስለሚደረግ ሥራ

በብዙ ያገራችን ክፍል ዋናው ማር የሚቈረጠው በጥቅምትና በኅዳር ነው፤ የበልግ ዝናም በሚያገኝ አገር ደግሞ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ሁለተኛ ይቈረጣል። በጥቅምትና በኅዳር ማር ብዙ ማንሣት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ለደረቁ ወራት የሚሆን ይተው። በሁለተኛው ግን እጅን መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ ከፊት ያለው ክረምት ነውና።

ባገራችን ቀፎ ማር የሚቈርጥ ሰው ከኋላ በኩል ይክፈት። በነጭ ሰም የተከደነውን እንጀራ ይቍረጥ፤ ያልተከደነው ገና ውሃው አልወጣለትምና ቶሎ ይቦካል። ብናኝ ያለበት እንጀራ በታየ ጊዜ እጅ ይቁም፤ ከብናኙ ቀጥሎ ልጆቹ አሉና። የልጆቹ ክዳን ቡናማ ስለ ሆነ ከማሩ ነጭ ክዳን በቀላሉ ይለያል። ከሁለተኛው ማር ግማሹን መተው ስስት አይደለም፤ ዘር ማስቀመጥ ነው። ዘሩን ፈጭቶ የሚበላ ገበሬ እንደማይመሰገን ሁሉ፥ የክረምትን ስንቅ የሚሸጥ ባለ ንብም አይመሰገንም።

በሣጥን ቀፎ ደግሞ በሁለቱም በኩል ማር የሞላበት አንድ ትልቅ ፍሬም ከ2 እስከ 3 ኪሎ ማር ይይዛል። ቢያንስ 4 እንዲህ ያሉ ፍሬሞች ከልጆቹ ግራና ቀኝ ይቀመጡ። ባዶ የሆነው የማር ሣጥን ይነሣ፤ የእጩ መኝታ 35 ዲግሪ ያህል ሙቀት ስለሚፈልግ፥ ለጥቂት ንብ ሰፊ ቤት ማሞቅ ከባድ ነው። ንብ ያልሸፈነችውንም እንጀራ የሰም ብል ይገባበታል። የአውራ ማገጃው ወንፊት ከቀፎው ይውጣ።

ከዚህ በኋላ የክረምት መጠለያ ይሠራ፤ ቀፎው ጥቂት ወደ በሩ ያዘንብል፥ የገባ ውሃ እንዲወጣ፤ ከላዩ የሣር ክዳን ይደረግለት፤ በሩ ይጥበብ፤ ከሥሩ ያለው ሣር ይታጨድ፤ ጕንዳን እንዳይወጣም በእግሮቹ ዙሪያ አመድ ይነስነስ፤ ዝናም ሲያጥበው ይታደስ።

5ኛ፤ በሐምሌና በነሐሴ ስለሚደረግ ጥበቃ

በዝናምና በብርድ ቀን ቀፎ አይከፈት። ስንቁን ለማወቅ ቀፎውን ከኋላ በእጅ ጥቂት ከፍ አድርጎ ክብደቱን መመዘን ይበቃል። በየሳምንቱ ይህን ያደረገ ሰው እጁ ሚዛን ይሆንለታል። ቀፎው የቀለለ እንደ ሆነ ንቡን መመገብ ይገባል። አንድ እጅ ስኳር በአንድ እጅ ለብ ባለ ውሃ ይሟሟ፤ ንብ እንዳትሰጥምበት ጭራሮ ይጣልበት፤ ወደ ማታ በቀፎው ውስጥ ይቀመጥ። በቀን በደጅ ያስቀመጡት እንደ ሆነ የሌላ ቀፎ ንብ ለዘረፋ ይመጣል። በብናኝ ፋንታ በሶ ወይም ሽሮ መስጠት ያገራችን ባለ ንቦች የቈየ ልማድ ነው። ከገበያ የተገዛ ማር ግን ለንብ አይሰጥ፤ ከሌላ ቀፎ በሽታ ሊያመጣ ይችላልና።

አበባው መፈንዳት ሲጀምር የስኳሩ ምግብ ይቁም፤ የማር ሣጥኑም የሚጫነው ከዚያ በኋላ ነው። አለዚያ ስኳሩ ከማሩ ጋራ ተከማችቶ ወደ ሾላ ይወርዳል፤ ባለቤቱም ሳያስበው ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ማር ሻጭ ይሆናል። በእርሻም አረም የሚረጭ ጐረቤት ካለ ቀኑን አስቀድሞ ይንገር፤ ርጭቱም ንብ ወደ ቤቷ ከገባች በኋላ ወደ ማታ ይሁን።

6ኛ፤ ስለ ትምህርት ቤት ቀፎ

አሁን መምህራንንና ሽማግሎችን በአንድነት ስለ ጠራንበት ነገር እንናገር። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ነው። ተማሪው ወደ አረም፥ መምህሩ ወደ ዘመዱ ይሄዳል፤ በቅጥር ግቢው ያለው ቀፎ ጠባቂ የሚያጣው በጣም በሚያስፈልገው ጊዜ ነው። በመስከረም ሲመለሱ ባዶ ሣጥን፥ የብል ድርና ጕንዳን ይጠብቃቸዋል፤ ልጆቹም ከዚያ የሚማሩት ትምህርት ንብ ማነብ አይሆንልንም የሚል ነው። ይህ ከጠፋው ማር ይልቅ የሚያሳዝን ጕዳት ነው።

ስለዚህ በሰኔ ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት መምህሩ ንብ የሚያውቁ አንድ የሰፈር አባት ይለምን፤ ቀፎውን በአደራ ያስረክባቸው። በሰፈሩ የሚቀሩ ሁለት ታላላቅ ተማሪዎች በየሳምንቱ ከእርሳቸው ጋራ እየሄዱ ክብደቱን፥ የዝናሙን ሁኔታ፥ ያበበውንም አበባ በደብተር ይጻፉ። በመስከረም ያ ደብተር ለክፍሉ የሒሳብና የተፈጥሮ ትምህርት መነሻ ይሆናል። ለአባታችንም ከጥቅምቱ ማር ድርሻቸው ይሰጣቸው። ቀፎው ግን ሕፃናት ከሚጫወቱበትና ከብት ከሚታሰርበት የራቀ ይሁን፤ ያገራችን ንብ ቍጡ ናት።

ክቡራን ሆይ፤ በሾላ ገበያ የጠራ ማር በመልካም ዋጋ እንዲሸጥ የሚያደርገው በጥቅምት የሚሳለው ቢላዋ ብቻ አይደለም። በሰኔ የሚሰበሰብ እጅ፥ በሐምሌ ቀፎውን የሚመዝን ሰው፥ በነሐሴም ወደ ማታ የሚቀመጥ ጥቂት የስኳር ውሃ ነው። አሁን ወደየሰፈራችሁ ስትመለሱ፥ ከየትምህርት ቤቱ መምህሩና ሽማግሌው ሁለታችሁ በአንድነት ወደ ቀፎው ሂዱ፤ ከኋላ አንሥታችሁ መዝኑት፤ የሚጠብቀውንም ሰው ዛሬውኑ በስም ለዩ።