መብራቷን በፕላስተር አንሸፍን
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ መኪናችን ነው። ግማሹ ምክር ነው፤ ግማሹ ግን ጥፋታችንን መናዘዝ ነው።

እንደምታውቁት አሮጌዋ መኪናችን የሁላችን መዋጮ ናት። ምጥ የያዛትን እናት፣ የታመመውን ሽማግሌ ከገጠር አንሥታ ፍኖተ ሰላም የምታደርስ እሷ ናት። ባለፈው ክረምት ከቡሬ በኩል አንዲት ነፍሰ ጡር ይዛ ስትመጣ ዳገት ላይ ሞተሯ ጠፋ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ መንገደኛ አይሱዙ ደረሰችልንና እናቲቱ በሰላም ተገላገለች። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ቼክ ኢንጂን የምትባለው ቢጫ መብራት ከዚያ በፊት ሦስት ሳምንት ሙሉ በርታ ነበር። እኛም "ዐይን ትወጋለች" ብለን በፕላስተር ሸፈንናት! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ይኸው ነው።

ከዚያም ሁለተኛ ስሕተት ሠራን። አንድ ጋራዥ ወስደን "ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው" ሲሉን፣ ሳንጠይቅ ከማኅበሩ ካዝና ከፍለን አስቀየርን። በሁለተኛው ቀን መብራቷ ተመልሳ በራች። ገንዘቡ የእናንተ ነውና ይህን ሳንደብቅ እንናገራለን።

ኋላ በጡረታ ያሉ አንድ ሾፌር አባላችን ነገሩን ከሥሩ አስረዱን። የቤንዚን ሞተር ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚያ ሲበዛ፣ ወይም ቤንዚኑ ሲያንስ፣ ድብልቁ ሳሳ ይባላል። የሳሳ ድብልቅ ሞተሩን ያንቀጠቅጣል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያሳጣል፣ ሲቆይም ሞተሩን በሙቀት ይጎዳል። ኦክስጅን ሴንሰሩ ጭስ መውጫው ላይ ተቀምጦ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን ይለካል። እሱ ነጋሪ ነው እንጂ ጥፋተኛ አይደለም። እኛ ግን ለእሪታ የወጣውን ጎረቤት አስረን ሌባውን ለቀቅነው።

አንዳንዶቻችሁ "አገራችን ደጋ ስለሆነ ነው" ስትሉ ሰምተናል። አይደለም። ቡሬ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ራሱ የሳሳ ነው። አየር ሲያንስ ደግሞ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል እንጂ አያንስበትም። የድሮዎቹ ባለ ካርቡሬተር መኪናዎች ደጋ ሲወጡ ጥቁር የሚያጨሱት ለዚህ ነው። ባለ ኮምፒውተሮቹ ከፍታውን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ስለዚህ በከፍታው አናመካኝ።

እንግዲህ ቤታችን ሆነን የምናየው በተራ ይህ ነው።

አንደኛ፤ መብራቷ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ መንገድ ዳር ቆመን ሞተር እናጥፋ። ዝም ብላ ከበራች ግን በርጋታ ለመመርመር ጊዜ አለ።

ሁለተኛ፤ ኮዱን እናንብብ። ከመሪው ሥር የሚሰካ፣ በስልክ የሚነበብ ትንሽ መሣሪያ አለ። ፒ 0171 ካለ የአንደኛው ወገን ድብልቅ ሳስቷል ማለት ነው፤ ፒ 0174 የሁለተኛው ወገን ነው። ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ሁለቱንም ካሳየ ምክንያቱ ለሁለቱም የጋራ ይሆናል ብሎ መጀመር ነው።

ሦስተኛ፤ ኮምፒውተሩ ስንት በመቶ ቤንዚን እየጨመረ እንደሆነ እንይ። እስከ 10 ድረስ ብዙ አያሳስብም። የእኛዋ በሚኒሞ 24 አለች፤ ነዳጅ ሰጥተን ዙሩን 2,500 ስናደርሰው ወደ 6 ወረደች። እንዲህ ሲሆን ሳይለካ ሾልኮ የሚገባ አየር አለ ማለት ነው። ቁጥሩ ዙር ሲጨምር የሚብስ ከሆነ ግን ቤንዚን አልደረሰም፣ ወይም የአየር መለኪያው ቆሽሿል ብለን እንጠርጥር።

አራተኛ፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ጠፍቶም ሳለ ኮፈኑን ከፍተን ጎማ ቱቦዎቹን በእጅ እናጠፍ እናጥፋቸው፤ ስንጥቅ ያን ጊዜ ይታያል። የፍሬን ማገዣውን ቱቦ አንርሳ። ፋሸታ የላላ እንደሆነ በካቻቢቴ እናጥብቅ። ከዚያ አስነሥተን፣ ኤሌክትሪክ ያለበትን እየሸሸን፣ በተጠረጠረው ቱቦ ላይ ጥቂት ውኃ እንርጭ፤ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ አደራ! ቤትም ሰውም ይቃጠላል። ልጆችን እናርቅ፤ ነጠላና ሻርፕ ወደ ቺንጋው አይጠጋ።

አምስተኛ፤ የጥርጊያ መንገድ አቧራ የአየር ፊልትሮውን አልፎ የአየር መለኪያውን ሴንሰር ይሸፍነዋል። ለእሱ በተሠራው ማጽጃ ብቻ ይነፋ፤ በጨርቅ አይነካ፤ ሳይደርቅም አይመለስ።

ስድስተኛ፤ በሃይላንድና በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ውኃና ቆሻሻ ሊኖርበት ይችላል። የቤንዚን ፊልትሮ ስንት ጊዜ እንዳልተቀየረ እናስብ። የፖምፓውን ግፊት መለካት ግን የመካኒክ ሥራ ነው፤ ለእሱ እንተው።

የእኛዋ ምን ሆና ተገኘች መሰላችሁ? ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው እጥፍጥፉ ጎማ ከሥሩ ተሰንጥቆ ነበር። ዳገት ላይ ሞተሩ ዘንበል ሲል ስንጥቁ አፉን ይከፍታል። ያ ሁሉ ጣጣ የአንድ ጎማ ነገር ነበር። ጎማውን ቀይረን፣ ኮዱን አጥፍተን፣ ቡሬ ደርሰን ተመለስን፤ መብራቷም አልበራችም። ባትሪ እየነቀሉ መብራት ማጥፋት ግን ያው ፕላስተር ነው።

ወገኖቻችን፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሰምታችኋል። ስለዚህ ያለችንን አሮጌ መኪና እንደ ላም መጠበቅ አለብን። ከዛሬ ጀምሮ ኮዱ፣ ቁጥሩና የታየው ሁሉ በመዝገብ ሳይጻፍ ለዕቃ መግዣ ከካዝና ገንዘብ እንዳይወጣ ኮሚቴው ወስኗል። ሾፌራችንም መብራት ባየ ቀን ለጸሐፊው ይናገር፤ ተናጋሪ አይወቀስም። የመንገድ ዳሯ ሌሊት እንዳትደገም አደራችን ነው።



የማኅበሩ ጸሐፊ