በአርባ ዶላር የተጀመረ ሥዕል

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ስለ ሥዕል ተናገሪልን» ሲለኝ «እኔ ነርስ ነኝ፣ ሠዓሊ አይደለሁም» ብዬ ነበር። «ለዚሁ ነው የጠራንሽ፤ ሠዓሊ ብንጠራ እኔም እችላለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው አይኖርም» አሉኝ። ስለዚህ ዛሬ የባለሙያ ትምህርት አልሰጣችሁም። በርክ በሚገኘው ቤቷ፣ ቤዝመንት ውስጥ፣ በጠባብ በጀት አክሪሊክ መቀባት የጀመረች የአርባ አራት ዓመት ሴት ምን እንደተሳሳተችና ምን እንደተማረች ነው የምነግራችሁ።

ብዙዎቻችሁ እናቴን ታውቋታላችሁ። ያረፈችው በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ኮሮና ዓለምን በያዘበት ጊዜ ነው። በዚያ ሰሞን እኔ ሌሊት ሌሊት የማላውቃቸውን ሰዎች እጅ ይዤ እሸኝ ነበር። የራሴን እናት እጅ ግን መያዝ አልቻልኩም። ቀብሯን በስልክ አየሁ፤ መስመሩ ሲቆራረጥ ያመለጠኝን ወንድሜ ነገረኝ። ለቅሶ ደራሽ እንኳ ደጅ ቆሞ ነበር «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ የሚመለሰው።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ቤቴ እገባለሁ፣ እጋደማለሁ፣ ስልኬን ሳገላብጥ ይውላል። አንዲት በዕድሜ የምትበልጠኝ የሥራ ባልደረባዬ «እጅሽን ከሆስፒታል ሌላ ሥራ ስጪው» አለችኝ። ልጅ ሳለሁ ደብተሬ ጠርዝ ላይ ሁሉ እሥል ነበርና ሥዕል ትዝ አለኝ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሌሊት ኦንላይን ገብቼ 140 ዶላር አወጣሁ። ባለ ሦስት እግር የሥዕል ማቆሚያ፣ 48 ዓይነት ቀለም በጣት በምታህል ቲዩብ፣ 30 ብሩሽ፣ ትልልቅ ሸራ። ብሩሹ ፀጉሩን ሥዕሉ ላይ ያራግፋል። ቀለሙ ውኃ ውኃ ይላል፤ ሦስቴ ቢደርቡትም ሥሩን አይሸፍንም። ሸራው ደግሞ ነጭ ሆኖ ሲያፈጥብኝ ፈራሁት። ሁለት ወር ጥግ ላይ ተቀመጠ። እናንተ የምታውቁትን ነገር ልንገራችሁ፤ በዚያ ወር ለወንድሜ ልጆች ትምህርት ቤት ከምልከው ላይ መቶ ዶላር ቀንሼ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ዕቃውን ባየሁት ቁጥር ያቺ መቶ ዶላር ትታየኝ ነበር።

ከመካከላችን ለራሱ የሚያወጣት ገንዘብ ሁሉ ከአንድ ሰው ጉሮሮ የተነጠቀች የምትመስለው ብዙ ነው። ስለዚህ እንደገና ስጀምር ለራሴ ሕግ አወጣሁ። አርባ ዶላር፣ ከዚያ አታልፊም፤ እሱም ከኦቨርታይም እንጂ ከሐዋላው አይነካም።

በአርባ ዶላር ምን ገዛሁ? አምስት ቀለም፣ በትልልቅ ቲዩብ፣ ለተማሪ ተብሎ ከሚሠራው ዓይነት። ነጭ፣ አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ እና በርንት አምበር የሚባለው ቡናማ። ነጩን ከሁሉም አስበልጣችሁ ግዙ፤ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ይህ በ22 ዶላር ሆነ። ሦስት ሰው ሠራሽ ፀጉር ያላቸው ብሩሾች፣ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ፣ አንድ መካከለኛ ጠፍጣፋ፣ አንድ ቀጭን ክብ፣ በ7 ዶላር። ውኃ ሲነካው ብዙም የማይጨማደድ፣ 140 ፓውንድ ተብሎ የሚሸጠው ወፍራም ወረቀት በ8 ዶላር። ድምሩ 37 ነው። የቀረችውን ሦስት ዶላር አቆዩልኝ፣ እመለስባታለሁ።

«አምስት ቀለም ምን ይሠራል?» ትሉ ይሆናል። እናቶቻችን በርበሬ፣ ሽንኩርትና ቅመም ይዘው ስንት ዓይነት ወጥ ይሠራሉ? ሰማያዊና ቡናማ ሲቀላቀሉ ከተገዛ ጥቁር የተሻለ ጥቁር ይሰጣሉ። ቢጫ ላይ ትንሽ ቀይ ስትጨምሩ የአደይ አበባን ወርቃማ ቢጫ ታገኛላችሁ። አልትራማሪንና ቢጫ የሚሰጡት አረንጓዴ ደመቅ ያለ አይደለም፣ ደብዘዝ ያለ ነው። መጀመሪያ አናደደኝ። ኋላ ሳየው የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው! የኛ አገር አረንጓዴ ይኸው ነው። የተማሪው ቀለም ከባለሙያው የሚለየው የቀለሙ ዱቄት አነስ፣ ማሟያው በዛ ስለሚል ነው፤ ለመማር ግን በቂ ነው።

የቀረው ከማድ ቤት ይመጣል። አክሪሊክ የፕላስቲክ ዘር ነው፤ እርጥብ ሳለ በውኃ ይቀጥናል፣ ከደረቀ ግን ውኃ አይመልሰውም። ስስ ሆኖ ሲቀባ በደቂቃዎች ይደርቃል። ስለዚህ ክዳን ያለው የምግብ ዕቃ ውስጥ እርጥብ የወጥ ቤት ወረቀት አነጥፋለሁ፣ በላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት፤ ቀለሙን እዚያ ላይ አወጣለሁ። ክዳኑ ሲገጠም ለቀናት ሳይደርቅ ይቆያል። ሥራዋ በሺፍት ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሃያ ደቂቃ ሠርቼ ልተኛ እችላለሁ። የዕቃ መላኪያ ካርቶን ቆርጬ፣ ፊትና ጀርባውን ነጭ መደብ ቀለም ቀብቼ መለማመጃ አደርገዋለሁ። አንድ ወገን ብቻ ከቀባችሁት ይቆለመማል።

አሁን ነርስነቴ ይምጣ። ቁስል ስናሽግ ጓንት ከማጥለቃችን በፊት ዕቃውን ሁሉ እናሰናዳለን። እዚህም እንደዚያው ነው። ውኃው፣ ጨርቁ፣ ወረቀቱ ሳይሰናዳ ቲዩብ አትክፈቱ። ብሩሽ ቀለም ይዞ አይደር፤ ከደረቀበት ሞተ ማለት ነው። ብሩሽ በአፍ አይሾልም። ካድሚየም ያለበትን ቀለም ተዉት፤ ከስሙ ቀጥሎ «ሂዩ» የሚል የተጻፈበት በሌላ ቀለም የተተካ ነው፣ ዋጋውም ይረክሳል። የተረፈውን ቀለም ወደ ሲንክ አትልቀቁት፤ በጨርቅ ጠርጋችሁ ከቆሻሻ ጋር ጣሉት። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ አክሪሊክ ሲደርቅ ጠቆር ይላል። የፈለጋችሁትን ቀለም ስታገኙ ቁራጭ ወረቀት ላይ አድርቃችሁ እዩት።

«አርባ ዓመት አልፎኝ ምን ልሆን?» ለምትሉ የዚህችን ከተማ ታሪክ ልጥቀስ። አልማ ቶማስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። በ1924 እ.ኤ.አ. ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ጥበብ የመጀመሪያዋ ተመራቂ ሆነች፤ ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ ሾው በተባለው የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 35 ዓመት አስተማረች። ለሥዕል ሙሉ ጊዜዋን የሰጠችው በ1960 ጡረታ ስትወጣ፣ ወደ ሰባ ዓመት ሲጠጋት ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም እያሠቃያት በአክሪሊክ ትሠራ ነበር። በ1972፣ በሰማንያ ዓመቷ፣ ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ውስጥ ለብቻዋ አሳየች። በ2015 ከሥዕሎቿ አንዱ ዋይት ሃውስ ውስጥ ተሰቀለ። ያስተማረችበት ሰፈር እኛ እንጀራ ልንበላ ከምንሄድበት ብዙ አይርቅም።

ከኛም ሰው እስክንድር ቦጎሲያን አለ። አዲስ አበባ ተወልዶ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እስከ 2001 ያስተማረ፣ በ2003 እዚሁ ዋሽንግተን ያረፈ። ብራናም ላይ፣ ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅም ላይ ሥሏል፤ ሸራ ከሌለ ሥዕል የለም ለሚል ሰው መልስ ይሆናል። ከከበደች ተክለአብ ጋር የሠራው የአሉሚኒየም ሥራ በኤምባሲያችን ግድግዳ ላይ አለ። ለጉዳይ ስትሄዱ ወረፋው እስኪደርስ ቀና ብላችሁ እዩት። አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር፣ ድሮ ቶርፒዶ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ከ1974 ጀምሮ የሠዓሊዎች መሥሪያ ነው። ገብቶ ሲሠሩ ማየት በነጻ ነው፤ ጠይቋቸው፣ አይቆጡም።

አሁን ወደ ሦስቷ ዶላር ልመለስ።

ወረቀት ላይ ሎሚና ሲኒ ስለማመድ ስድስት ወር ከቆየሁ በኋላ የእናቴን ማድ ቤት ልሥል ተነሳሁ። ፎቶ የለኝም፤ ማድ ቤት ማን ፎቶ ያነሳል? ጭቃው ግድግዳ፣ ጭስ የጠጣው ጣሪያ፣ በሩቅ ጉና፣ ሁሉም መጣልኝ። በሩ ላይ ስደርስ ብሩሹን ይዤ ቆምኩ። ሃያ ዓመት የገባሁበትና የወጣሁበት በር ቀለሙ ጠፋኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም፤ የቀብሯ ቀን ያልመጣ ዕንባ ያን ቀን መጣ።

ለወንድሜ ደወልኩ። «አረንጓዴ ነው፣ ምን ሆነሻል?» አለኝ። ለአክስቴ ደወልኩ። «ሰማያዊ ነው እንጂ! እኔ አይደለሁ እንዴ ቀለሙን ከገበያ ያመጣሁት?» አሉኝ። ሁለቱን መስመር ላይ አገናኘኋቸው፣ ተከራከሩ። በመጨረሻ አክስቴ ዝም አሉና «ቆይ፣ ለእኅትሽ ሠርግ ጊዜ እናትሽ አረንጓዴ አስቀባችው። ከሥር ሰማያዊው ነበር፤ መወርወሪያው በሚፍቀው በኩል ይታይ ነበር» አሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ እናቴ አወራን፤ ከሞተች ወዲህ እንዲያ አውርተን አናውቅም ነበር። አክስቴ ሳቁ፣ ወንድሜም ሳቀ።

ስልኩን ስዘጋ በሩን ሰማያዊ ቀባሁት። በደንብ ደረቀ። በላዩ አረንጓዴ ቀባሁት። በማግስቱ በሦስቷ ዶላር ብርጭቆ ወረቀት ገዝቼ፣ አቧራው እንዳይነሳ በውኃ አርሼ፣ መወርወሪያው ያለበትን ቦታ ቀስ ብዬ ፋቅሁት። ሰማያዊው ብቅ አለ። የታችኛው ከደረቀ የላይኛው አያበላሸውም፤ አክሪሊክ እንዲህ ነው።

ሥዕሉ ጥሩ አይደለም፤ ጣሪያው ተንጋዷል፣ ጉናም የበሬ ሻኛ መስሏል። ለአክስቴ በስልክ ሳሳያቸው ግን ስለ ጣሪያው አላነሱም። «በሩን አገኘሽው» አሉኝ። እኔም ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እየተመለሰልኝ ነው። መድኃኒት ነው አልላችሁም፤ እንቅልፍ ለነሳው ሰው ሐኪም አለ፣ ወደ ሐኪም ሂዱ። ለኔ ግን ኀዘኔ የሚቀመጥበት ቦታ አገኘልኝ።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ልጆቻችን ስልክ ይዘው ጥግ ለጥግ ከሚቀመጡ አንድ ጠረጴዛ ይሰጠኝ። ቀለምና ካርቶኑን እኔ አመጣለሁ። ልጆቹ ይሣሉ፤ ደብረ ታቦርን የምታውቁ ትልልቆች አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው። ቡሄ ሲበራ ችቦው እንዴት እንደሚታሰር ያላየ ልጅ ሊሥለው የሚችለው እናንተ ከነገራችሁት ነው። ሥዕሎቹን ለጨረታ እናቅርብ፤ ገቢው ለአገር ቤት ተማሪዎች ደብተርና ቀለም መግዣ ይሁን።

ሁለተኛው ለእያንዳንዳችሁ ነው። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ያደጋችሁበት ቤት በር ምን ቀለም እንደነበር አስቡ። ካላስታወሳችሁ ለሚያውቅ ሰው ዛሬውኑ ደውሉ። የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነው።

የአርባ ዶላሩን ዝርዝር የምትፈልጉ ከእራት በኋላ ቡናው አጠገብ አገኛችኋለሁ። አገራችንን ሰላም ያድርግልን።