ሰማይን ስለ መመልከትና ስለ ዓለም መጀመሪያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ! በጥቅምት መጨረሻ አንዲት እናት ወደ እኔ መጥታ፣ «አባቴ፣ ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ከከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር ገባ፤ ሌሊት ሌሊት ሰማይ ሲያይ ያመሻል፤ ዓለም ከተጀመረ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ሆነው እያለም ይነግረኛል። ሃይማኖቱን ሳያስጥሉብኝ ላስወጣው ይሆን?» ስትል ጠየቀችኝ። ወዲያው ልመልስላት ስላልቻልሁ፣ «ልጄ፣ ጥቂት ታገሺኝ» ብዬ አሰናበትኋት። ይህ የብዙ ወላጆች ጭንቀት ነውና ዛሬ ለሁላችሁ ልናገር ወደድሁ።

አስቀድመን ነገሩን እንለይ። ኮከብ ቆጥረው የሰውን ዕድልና የጋብቻን ቀን እናውቃለን የሚሉ ጠንቋዮች ሌላ ናቸው፤ የከዋክብትን ርቀትና አካሄድ የሚመረምሩ ሌላ ናቸው። የፊተኞቹን ቤተ ክርስቲያን ታወግዛለች። የኋለኞቹን ሥራ ግን ራስዋ ስትሠራበት ኖራለች፤ ሊቃውንቶቻችን የ19 ዓመቱን ንኡስ ቀመርና የ532 ዓመቱን ዐቢይ ቀመር ይዘው፣ አበቅቴና መጥቅዕ አውጥተው ጾምንና በዓልን የሚወስኑት የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ ቆጥረው አይደለምን? በ2012 ዓ.ም. ሰኔ 14 ቀን እሑድ ጨረቃ ፀሐይን ሸፍና ዳርዋን ብቻ እንደ ቀለበት ባስቀረች ጊዜ፣ ይህም በላሊበላ በታየ ጊዜ፣ ሰዓቱና ደቂቃው አስቀድሞ ታውቆ ነበር፤ የነገረን ግን ጠንቋይ አይደለም።

በአገራችን የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ተመሥርቶአል። በእንጦጦ ተራራም፣ 3200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። እኔ የሄድሁት ግን ከዚያ ሳይሆን ከልጁ ማኅበር ነው። በኅዳር አንድ ሌሊት አሥር የሚሆኑ ወጣቶች አንዲት መነጽር በሦስት እግር አቁመው፣ ጋቢ ተከናንበው ተራ ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ልጁም አንድሮሜዳ የምትባለውን የከዋክብት ጭፍራ አሳየኝ፤ በዓይን ብቻ ሲያይዋት ጥቂት ጉም ትመስላለች። የማየው ብርሃን ከዚያ የተነሣው ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል በፊት መሆኑን በነገረኝ ጊዜ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ልቤ ደነገጠ። ድንጋጤው ዳዊት ሰማያትን አይቶ በሰው ታናሽነት ከተደነቀው መደነቅ ጋር የሚመሳሰል ነበር።

ስለ ዓለም መጀመሪያ የሚነገረውን ትምህርት ብዙዎች የከሓዲ ፈጠራ ያደርጉታል። ነገር ግን ካመጡት ሰዎች ዋነኛው ጆርጅ ለሜትር የሚባል የቤልጅግ ሰው፣ የሮማ ካቶሊክ ቄስና በሉቫን ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበረ። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1927 ሰማይ እየሰፋ፣ የከዋክብት ጭፍሮችም እየተራራቁ መሆናቸውን ጻፈ፤ አይንስታይን እንኳ ያን ጊዜ ሒሳቡን እንጂ ሐሳቡን አልተቀበለለትም። በ1929 አሜሪካዊው ኤድዊን ሀብል ርቀታቸው በበዛ መጠን የሚሸሹበት ፍጥነት እንደሚበዛ አሳየ። ዛሬ የሚራራቀው ነገር ቀድሞ የተቀራረበ ነበርና፣ ለሜትር በ1931 ዓለም ሁሉ እጅግ ከታመቀ ከአንድ ጅማሬ ወጣ አለ።

በ1951 የሮማው ፓፓ ፒዮስ 12ኛ ይህን ትምህርት ለፍጥረት ምስክር አድርገው ቢናገሩ፣ ለሜትርን ደስ አላሰኘውም። እኔ ይህን ሰው የማደንቀው በዚህ ነው። የሳይንስ ሐሳብ ነገ ሊታረም ይችላል፤ በሚታረም ነገር ላይ ያስደገፍናት እምነት አብራ ትናወጣለች። እኛ ግን ሳይንስ የተስማማን ሲመስለን እናጨበጭባለን፣ ያልተስማማን ሲመስለን እናወግዛለን። መነጽር ብርሃን የመጣበትን መንገድ ያሳያል፤ ብርሃንን ያዘዘውን ማሳየትም መካድም አይችልም።

«ታዲያ 5500 ዘመኑስ?» የሚል አይጠፋም። ከአዳም እስከ ጌታችን ልደት የምንቆጥረው ዘመን የሰው ልጅ የተስፋ ዘመን ነው፤ የድንጋይና የከዋክብት ዕድሜ እንዲለካበት የተሰጠ አይመስለኝም። ፀሐይ የተፈጠረችው በአራተኛው ቀን ነው፤ ከእርስዋ በፊት የነበሩት ሦስቱ ቀኖች በምን ፀሐይ ተለኩ? ቅዱስ ባስልዮስም ስለ ስድስቱ ቀኖች ዘጠኝ ድርሳን ሲደርስ የዘመኑን ፈላስፎች ትምህርት ዐውቆ ነው፤ አልሸሸውም።

በራዲዮ የምትሰሙኝ ሆይ፤ የራዲዮአችሁን ቁልፍ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ስታዞሩ የሚንሿሿ ድምፅ ትሰማላችሁ። በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ፔንዚያስና ዊልሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች በትልቅ አንቴና ሲሠሩ እንዲህ ያለ ድምፅ አስቸገራቸው። በውስጡ እርግቦች ሰፍረው ነበርና ኩሳቸውን ሳይቀር ጠረጉ፤ ድምፁ ግን ቀንም ሌሊትም ከሰማይ ማዕዘን ሁሉ እኩል መምጣቱን አልተወም። በ1965 ምክንያቱ ተገለጠ፤ ዓለም ገና ትኩስ በነበረ ጊዜ የተነሣ የብርሃን ቅሪት ኖሮአል። ለሜትር ይህን ወሬ የሰማው በ1966 ሊሞት ጥቂት ሲቀረው፣ ታሞ ተኝቶ ሳለ ነው።

ለዚያች እናት እንዲህ አልኋት፤ «ልጄ፣ አታስወጪው። ሌሊቱ ይበርዳልና ጋቢ ደርቢለት። እሑድ ግን እንቅልፍ ጥሎት ቅዳሴ እንዳያልፈው አንቺ ቀስቅሺው። ያየውንም ሲነግርሽ ተቀምጠሽ ስሚው፤ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ያደረበት እንደ ሆነ ወደ እኔ ይምጣ፤ መልሱን ባላውቀው አብረን ሊቃውንቱን እንጠይቃለን።»

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።