መንግሥትን ፍርድ ቤት ያስረታ ዓሣ

(ሲያትል ከተማ ውስጥ ለተሰበሰቡ ወገኖች የተደረገ ንግግር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)



ባለፈው ሰሞን እዚሁ ቡና ስንጠጣ አንዲት እህታችን ጥያቄ ወረወረችብኝ። «እኔን የቤት ኪራይ አንቆ ይዞኛል፤ ይሄ መንግሥት ለዓሣ መሄጃ ቢሊዮን ዶላር ያፈሳል። ሰው እያለ ለዓሣ?» አለችኝ። እኔ የምሠራው ከመንገድ ሥር የውሃ ቱቦ እየነቀለ በድልድይ ከሚተካ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ ነው። እንጀራዬ ስለሆነ ያደላሁ እንዳይመስልብኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። ዛሬ ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ ልመልስላት።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከዓሣው ልጀምር። ሳልመን የሚፈለፈለው በቀዝቃዛ ወንዝ፣ በጠጠር መሐል ነው። ጠንከር ሲል ወደ ውቅያኖስ ይወርዳል፤ ዓመታት ቆይቶ የተወለደበትን ወንዝ ሽታ እየተከተለ ሽቅብ ይመለሳል። እዚያው እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። ሬሳው ለድቡ፣ ለንስሩ፣ ለዛፉም ሳይቀር ምግብ ነው። ትራውት የዚሁ ዘመድ ነው። ባሌ የነበራችሁ ከኬንያ መጥቶ ዌብ ወንዝ ውስጥ የተለቀቀውን ታውቁት ይሆናል። ከትራውት ወገን እንደ ሳልመን ባሕር ደርሶ የሚመለስም አለ፤ ስቲልሄድ ይሉታል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ፍጡር መንገዱ ከተዘጋበት ዘሩ አለቀ ማለት አይደለም?

ማን ዘጋው? አንዱ ግድብ ነው፤ ሌላው መንገድ ነው። አውራ ጎዳና ሲሠራ ጅረቱን በጠባብ ቱቦ ያሳልፉታል። ቱቦው ስለሚጠብ ውሃው ይፈጥናል፤ መውጫውን እየሸረሸረ ቱቦውን ከጅረቱ በላይ አንጠልጥሎ ያስቀረዋል። ዓሣው ይዘላል፣ ይዘላል፣ ብረቱን እየመታ ይወድቃል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት መጣ? በዓሣ ፍቅር እንዳይመስላችሁ! የመጣው ከተበላ ቃል ነው።

በ1854 እና በ1855 የዚህ ግዛት ገዥ የነበረው አይዛክ ስቲቨንስ በልማድ «ቀይ ሕንዶች» ከምንላቸው ነባር ነገዶች ጋር ውል ተፈራረመ። ነገዶቹ መሬታቸውን ለቀቁ፤ በጥንት ቦታቸው ዓሣ የማጥመድ መብታቸውን ግን ለራሳቸው አስቀሩ። መሬቱን ሰጡ፤ ዓሣውን አልሰጡም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ምን ልበላችሁ? በውላቸው መሠረት መረብ የጣሉ ሰዎች እንደ ሌባ ይታሰሩ ጀመር። ቢሊ ፍራንክ የተባለው የኒስኳሊ ሰው በ1945 ገና በ14 ዓመቱ ታሰረ። በዕድሜው ከ50 ጊዜ በላይ ታስሯል። በ1974 ጆርጅ ቦልት የተባሉ የፌዴራል ዳኛ ውሉ ሕያው ነው ብለው ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ ግማሹ የነገዶቹ ድርሻ እንዲሆን ፈረዱ።

ግን የሌለ ዓሣ ግማሹ ስንት ነው? በ2001 ነገዶቹ ስለ ቱቦዎቹ ከሰሱ። ዓሣ የማጥመድ መብት ሰጥቶ የዓሣውን መንገድ መዝጋት ቃል መብላት ነው አሉ። በ2013 ፍርድ ቤቱ የዋሽንግተን ግዛት መንግሥት በመንገዶቹ ሥር ከዘጋው የዓሣ መኖሪያ 90 በመቶውን እስከ 2030 እንዲከፍት አዘዘ። ግዛቱ ይግባኝ አለ፤ በ2016 ተረታ። ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወጣ፤ በ2018 ዳኞቹ 4 ለ 4 ተከፈሉና የሥር ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ጸና።

ልብ በሉልኝ! በጀቱ የተመደበው ባለሥልጣን ስለራራ አይደለም። መንግሥት ተከሶ፣ ተሟግቶ፣ ይግባኝ ብሎ፣ ተረትቶ፣ በመጨረሻም ስለታዘዘ ነው። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው እንላለን፤ እዚህ አገር ግን ዓሣው አናቱን ፍርድ ቤት አቆመው።

ሒሳቡ ከባድ ነው። ቱቦዎቹን ለመቀየር 3.8 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል ተብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግምቱ እጅግ ጨምሯል። በ2021 የወጣው የፌዴራል የመሠረተ ልማት ሕግም ለመላው አገሪቱ የዓሣ መሻገሪያ ቱቦዎች 1 ቢሊዮን ዶላር መድቧል። እህታችን ውድ ነው ብትል እውነቷን ነው። ውድ ያደረገው ግን ዓሣው ሳይሆን መዘግየቱ ነው። ያን ጊዜ መንገዱ ሲሠራ ጅረቱን የሚያህል ድልድይ ቢሠራ ኖሮ ዛሬ አስፋልት እየቀደድን፣ መኪና እያቆምን ሁለተኛ ባልሠራነው ነበር።

ሁሉም ገንዘብ በክስ የመጣ ነው ማለቴ አይደለም። በ1999 ፒዩጄት ሳውንድ ውስጥ ያለው ትልቁ ሳልመን፣ ቺኑክ፣ በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ከሚሹት ተመዘገበ። በዚያው ዓመት ግዛቱ ለሳልመን ማገገሚያ የሚሆን ገንዘብ የሚያከፋፍል ቦርድ አቋቋመ፤ በ2000 ደግሞ ኮንግረስ የፌዴራል ፈንድ ፈጠረ። የአሠራሩ ነገር ነው እኔን የሚያስቀናኝ። ዛፍ የሚተከልበትን፣ የጎርፍ መከላከያው ግንብ ተነሥቶ ወንዙ የሚሰፋበትን ቦታ የየአካባቢው ሰዎችና ባለሙያዎች ተከራክረው በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ። ገንዘቡ ለማን፣ ስንት፣ ለምን እንደተሰጠ በይፋ ይታወቃል። እኔም፣ እናንተም፣ እህታችንም ማየት እንችላለን።

«ዓሣው ተመለሰ ወይ?» በሉኝ። የኤልዋን ወንዝ ልንገራችሁ። በ1913 እና በ1927 ሁለት ግድቦች ለዓሣ መሻገሪያ ሳይበጅላቸው ተሠሩበት። ዓሣው በታችኛው 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ተወስኖ ቀረ፤ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ወንዝና ገባር ተዘጋበት። ኮንግረስ በ1992 ሕግ አወጣ፤ ግድቦቹ መፍረስ የጀመሩት ግን በ2011 ነው። እስከ 2014 ፈርሰው አለቁ። ሥራው በጠቅላላው 325 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጀ። ከግድቡ በላይ ለዘመናት ታግቶ የኖረው ትራውት ወደ ባሕር መውረዱን አልረሳም ነበር፤ ስቲልሄድ ሆኖ መመለስ ጀመረ። በ2023 የኤልዋ ክላላም ነገድ ሰዎች ከነፃው ወንዛቸው ለሥርዓታቸውና ለማዕዳቸው ጥቂት ሳልመን አጠመዱ።

ሁሉ ነገር ተስተካክሏል ብል ግን እዋሻለሁ። ያ የተመዘገበው ቺኑክ ዛሬም ከመዝገቡ አልወጣም። ገንዘቡ በአንድ በኩል ወንዝ ያድናል፤ በሌላ በኩል ቤትና አስፋልት የወንዙን ዳር ይበላል። ገንዘብ ብቻውን ዓሣ አይወልድም።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ነገር። የእኛው ጣናም በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሦች አሉት። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ክረምት ሲገባ እንደ ሳልመን ወደ ጉማራና ወደ ርብ ሽቅብ እየወጡ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በወንዙ አፍ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ ርብ ላይም ግድብ ተሠርቷል። ለእነርሱ የሚከራከር ማነው? የሚሰማስ ዳኛ? ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ለዚህ ነው፤ አሜሪካ ሊከፍለው የቻለውን የመዘግየት ዋጋ እኛ ከየት እናመጣዋለን?

እህቴ ሆይ፣ መልሴ ይሄው ነው። ያ ገንዘብ ለዓሣ የተሰጠ ምጽዋት አይደለም። የ1855 ቃል ዕዳ ነው፤ ከነወለዱ እየተከፈለ ነው። ባለፈው መጸው ቱቦውን ባነሣንበት ጅረት ላይ ጎንበስ ብዬ ሳይ አንዲት ሳልመን ክንፏ ተቦጫጭቆ በድልድዩ ሥር ሽቅብ ስታልፍ አየኋት። እኔም ኪራይ ከፋይ ነኝ፤ ግን ያን ቀን ከደመወዜ የተቆረጠው ግብር አላንገበገበኝም።